ከምላሱ በፊት ጆሮው ይታይ

ጥያቄ፦ «ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወር ሆኖታል። ወንድ ነው። የሚናገረው ‹እማ›፣ ‹ባባ›፣ ‹ውሃ› እና ‹እንቢ› ብቻ ነው። የሚፈልገው ነገር ሲኖር እጄን ይዞ እየጎተተ ይወስደኛል። ስጠራው አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ግን ጭራሽ የሰማኝ አይመስልም። በር ሲላተም ግን ይደነግጣል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው፤ ቀን ከአማቴ ጋር ይውላል። እሳቸው አማርኛም ኦሮምኛም ያወሩታል። ስልክ ከሰጠነው በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል። አማቴ ‹ምላሱ ታስሯል፣ እንጥሉም ወርዷል፣ ይቆረጥለት› ይላሉ። ባለቤቴ ‹እኔም አፌን የፈታሁት በ4 ዓመቴ ነው› ብሎ ዝም አለ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ኦቲዝም ነው ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ስፒች ቴራፒ አለ? ወይስ አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?»

መልስ፦ መጀመሪያ የማይመለሰውን ነገር እናቁም። እንጥሉን አታስቆርጪ። ምላሱም አይነካ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይም ቢሳሳትም ይታረማል፤ የተቆረጠ እንጥል ግን ተመልሶ አይበቅልም።

እንጥል ልጅን ከመናገር አያዘገይም። «ወረደ» የሚባለውም ጉሮሮ ሲታመም ስለሚያብጥ ነው እንጂ ከቦታው የሄደ ነገር የለም። እንጥሉ የተንጠለጠለበት ለስላሳው ላንቃ ስንናገር ወደ ላይ እየተነሣ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። «ባ»፣ «ዳ»፣ «ሳ» ስትይ አየሩ በአፍሽ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቆራጩ እጁ ትንሽ አልፎ ላንቃውን ከጎዳው፣ ልጁ ዕድሜውን ሁሉ በአፍንጫው የሚናገር ሊሆን ይችላል። ለመናገር ተብሎ የሚደረገው ነገር ንግግር ያበላሻል ማለት ነው። በዚህ ላይ ደም መፍሰሱን፣ ኢንፌክሽኑን፣ ቴታነሱን፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፈውን የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ጨምሪበት።

የታሰረ ምላስ የሚባለው ግን እውነትም አለ። ከምላስ ሥር ያለው ቀጭን ክር አጭር ሲሆን ነው። አንዳንዱን ሕፃን ጡት ለመሳብ ያስቸግረዋል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ እንደ «ለ» እና «ረ» ያሉ ጥቂት ድምፆችን ያኮላትፈው ይሆናል። ቃል ግን አይከለክልም። ምላሱ የታሰረ ልጅ ብዙ ያወራል፤ የሚያወራው ጥርት አይልም እንጂ። ያንቺ ልጅ ጎደለው የምትዪው ቃል ነው። ደግሞ እስቲ አስቢው፤ በእንግሊዝኛ እስከ 20 የሚቆጥር ምላስ ምኑ ነው የታሰረው? የላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠብታ ማር ቀቢና ሲልሰው አማትሽ ይዩት። ከመሟገት ይሻላል።

ባለቤትሽ «እኔም በ4 ዓመቴ ነው» ማለታቸው አንቺን ለማረጋጋት ነው፤ ለእኔ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ዘግይቶ የተናገረ ሰው መኖሩ ልጁን ቶሎ ለማሳየት ምክንያት ነው እንጂ ለመጠበቅ አይደለም። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። ልዩነቱ ግን የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። በግርድፉ ልጅ በ1 ዓመቱ አካባቢ የመጀመሪያ ቃሉን ይላል። በ2 ዓመቱ ወደ 50 ቃል ይኖረዋል፣ ሁለቱን እያጋጠመ «እማ ነይ»፣ «ዳቦ የለም» ዓይነት ነገር ይሞክራል። በ3 ዓመቱ ጎረቤትም የሚናገረውን አብዛኛውን ይረዳዋል። ዘግይተው ጀምረው ማንም ሳይረዳቸው እኩዮቻቸውን የሚደርሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አልክድም። የትኛው እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን የለም። አራት ቃል ይዞ፣ ስሙ ሲጠራ አንዳንዴ ብቻ የሚዞርን የ2 ዓመት ከ8 ወር ልጅ «ጠብቂ» የምል ሰው አይደለሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ቃል ማጋጠም የሚለው መለኪያ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ሌላ ጠባይ አለው። «አልበላም» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ በቁጥር አንድ ቃል ነው ያለው፤ ውስጡ ግን «እኔ»ም አለ፣ እምቢታም አለ፣ ግሡም አለ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ቃል ስትቆጥሪ ግሦቹንም አድምጪ። «ስጪኝ»፣ «ውሰጂኝ»፣ «አልፈልግም» ማለት ከጀመረ ትልቅ እርምጃ ነው፤ «አንድ ቃል ብቻ ነው» ብለሽ አትናቂው። ያንቺ ልጅ ካሉት አራት ቃላት አንዱ «እንቢ» መሆኑ ደስ ይላል። ሐሳብ ያለው ልጅ ነው።

ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ሴት አያቶች «ግራ እያጋባሽው ነው» እየተባሉ አፋቸው ሲዘጋ አይቻለሁ። አማትሽ ኦሮምኛ ያውሩት። ይልቅ ቃል ስትቆጥሪ የሁለቱንም ቋንቋ ቁጠሪ። ምናልባት ውሃ ሲፈልግ በኦሮምኛ «ቢሻን» ይላቸው ይሆናል፤ «ኮቱ»፣ ማለትም «ና»፣ ሲሉት ተነሥቶ ይሄድ ይሆናል። አንቺ ፈረቃ ላይ ሆነሽ የማታውቂያቸው ሦስት አራት ቃላት ከእሳቸው ዘንድ ቢገኙ አይገርመኝም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ወደ ጆሮው።

«በር ሲላተም ይደነግጣል» ስትዪ «ይሰማል» ማለትሽ ነው። የሁሉም ወላጅ አባባል ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። በር ወፍራምና ከባድ ድምፅ ነው። ንግግር ውስጥ ያሉት «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ግን ቀጫጭንና ደካማ ናቸው። በሩን፣ ከበሮውን፣ የመኪናውን ክላክስ የሚሰማ ልጅ እነዚህን ላይሰማ ይችላል። ያኔ የእናቱ ንግግር ከግድግዳ ጀርባ እንደሚወራ ወሬ ይሆንበታል፤ ድምፅ አለ፣ ቃል የለም። ስልኩ ደግሞ ጆሮው ሥር ሆኖ፣ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ያንኑ ቪዲዮ መቶ ጊዜ ስለሚደግምለት ቁጥሩን ይይዛል። ስለዚህ መቁጠሩ አፉ ጤነኛ መሆኑን ይነግረኛል፤ ጆሮው ጤነኛ መሆኑን ግን አይነግረኝም።

«አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ አይዞርም» ያልሽው ከጥያቄሽ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። የሚመጣና የሚሄድ መስማት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ከሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። ጉንፋን በተመላለሰ ቁጥር ይብሳል። የማገዶና የከሰል ጭስ ያለበት ቤት ያባብሰዋል። አያምም፣ አይመግልም፣ ትኩሳት የለውም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም። እኔ ጋ የመጣች አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። ቤቷም ሰፈሯም «ግትር» ነበር የሚሏት። «ስትፈልግ ትሰማለች፣ ሳትፈልግ ትዘጋናለች» ተባለች። ሁለቱም ጆሮዋ ፈሳሽ ይዞ ኖሯል። ከታከመች በኋላ ግትርነቷ አብሮ ጠፋ፤ ቃሉ ግን ወዲያው አልመጣም፣ ያለፈውን ጊዜ እያካካሱ ማስተማር ግድ ሆነ። ከዚህ ሌላ የማይመለስ የመስማት ችግርም አለ። በቤተሰብ የሚወረስ አለ። ሲወለድ ከባድ ቢጫነት ከነበረው፣ ማጅራት ገትር ታሞ ከሆነ፣ ገና ሕፃን ሳለ ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ጄንታማይሲን የመሰለ መርፌ ወስዶ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሪ። ልጁ መጫወቻው ላይ ሲመሰጥ ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ራቂ። ጥላሽ አይታየው፣ ትንፋሽሽም አይንካው። በሹክሹክታ ስሙን ጥሪ። ቆይተሽ «ስስስ» በይ። ሌላ ጊዜ የብስኩት ወረቀት አንኮሻኩሺ። ለብስኩቱ ዞሮ ለስሙ ካልዞረ አንድ ነገር ነው፤ ለሁለቱም ካልዞረ ሌላ ነው። ለሁሉም ቢዞር እንኳ ይህ ምርመራ አይደለም፣ ሐኪም ቤቱን አያስቀርም። ውጤቱን ጽፈሽ ያዢና ለሐኪሙ አሳዪ። እግረ መንገዴን፦ የሞቀ ዘይት፣ ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ ጆሮው ውስጥ አይግባ።

ስለ ኦቲዝም ባልደረባሽ የተናገረችው ከንቱ ነው አልልም፤ እሷ ልትወስነው የምትችለው ነገር ግን አይደለም። አራት ቃል ብቻ መኖሩ ኦቲዝም አያሰኝም። እኔ የማየው ሌላ ነው። የሚገርም ነገር ሲያይ፣ ለምሳሌ ግመል በመንገድ ሲያልፍ፣ በጣቱ ወደዚያ ጠቁሞ ዓይንሽን ያያል? ማለትም ሊወስደው ሳይሆን ሊያሳይሽ ብቻ? አማትሽ ቡና ሲወቅጡ አይቶ ባዶ ነገር ይዞ ይወቅጣል? አሻንጉሊት ያበላል፣ ድንጋይን መኪና ያደርጋል? ልጆች ሲመጡ ይጠጋል? እነዚህ ካሉ ልብሽ ይረጋጋ። ከሌሉ ወይም ነበሩና ከጠፉ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ኦቲዝምን ጨምሮ እንዲያየው በግልጽ ጠይቂ። እጅሽን ይዞ መጎተቱ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ መስማት የተቸገረ ልጅም ቃል ስለሌለው ይጎትታል። ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ ታገኚያለሽ። የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው፤ ያንቺ ልጅ አልፎታል። በሌሊት ቁጭ ብለሽ እየሞላሽ ራስሽን አታስጨንቂ።

ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የበሽታውን ስም አይጠብቅም። ዘግይቶ የሚናገር ልጅም ይሁን ኦቲዝም ያለበት፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

«ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ስፒች ቴራፒ አለ?» ላልሽው፤ ሙያው ለአገራችን ገና ወጣት ነው። የሠለጠኑት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። ስለዚህ «ስፒች ቴራፒ» የሚል ታፔላ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር አትዙሪ። የምታንኳኪው ሌላ በር ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ሪፈራል እያልን ወደምንጠራው ሆስፒታል ሂጂና የሕፃናት ክፍል አሳዪው። እዚያ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሙሉ የዕድገት ምርመራና ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም መላክ። ሐኪሙ ልጁን አገላብጦ «ደህና ነው፣ ያድጋል» ቢልሽ አመስግነሽ አትውጪ። «መስማቱ በምን ተረጋገጠ?» በይ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፊ። ደረጃውን ዘለሽ በቀጥታ ከሄድሽ ወጪውን ላይሸፍኑልሽ ይችላሉ። ጆሮውን በመብራት ማየትና ፈሳሽ መኖሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ልጁ ራሱ «ሰማሁ» ማለት ስለማይችል ለትክክለኛ ልኬት ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንዱ ጆሮው ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አስገብቶ የውስጥ ጆሮን ምላሽ ይለካል። ሌላው ልጁ ተኝቶ ጭንቅላቱ ላይ ቀጫጭን ሽቦ ተለጥፎ ድምፁ እስከ አንጎል መድረሱን ያሳያል። በሄድሽበት ቀን እዚህ ካልተገኙ፣ ከአዲስ አበባው ጉዞ ጋር ይጣመሩ።

ከሆስፒታል ውጪ የምመክርሽ አንድ በር አለ፤ ሰው የሚረሳው። የከተማው ትምህርት መምሪያ። የልዩ ፍላጎት መምህራን የት ትምህርት ቤት እንዳሉ ጠይቂ። የንግግር ሐኪም አይደሉም፤ ልጅን በሥዕል፣ በምልክት፣ በጨዋታ እንዴት እንደሚያግባቡ ግን ያውቃሉ።

አዲስ አበባ ትሄጃለሽ፤ ግን ነገ አይደለም። ባዶ እጅሽንም አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ የቀረሽበት ፈረቃ ገንዘብ አለ። አንዳንድ ቤተሰብ ሦስት ቀን ተጉዞ 30 ደቂቃ ታይቶ፣ «መስማቱን አስመርምራችሁ ተመለሱ» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የጆሮው ነገር እዚህ የሚያልቀውን ያህል ይለቅ። ከዚያ የክትባት ካርዱን፣ የወሊዱን ታሪክ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገራቸውን ቃላት ዝርዝር ያዢ። ከሁሉ በላይ ቪዲዮ። ልጁ ሲበላ፣ ከአያቱ ጋር ሲጫወት፣ ሲናደድ፣ እያንዳንዱ 2 ወይም 3 ደቂቃ። አዲስ ክፍል ውስጥ አዲስ ሰው ያየ ልጅ ዝም ይላል፤ ያንን ዝምታ ብቻ አይቶ የሚወስን ባለሙያ ደግሞ ይሳሳታል።

የት? እንደ ልጁ ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ቢሆን የካቲት 12 ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው ጋር የንግግር ሕክምናም ስለሚሰጥ ወደዚያ እልክሽ ነበር። ሲጠባ ወተት በአፍንጫው ይወጣ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትመለሺ፤ ከላይ ያልተሰነጠቀ የሚመስል ላንቃ ከውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ከተባለ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ። ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ተመዝግበሽ ጠብቂ፣ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አይደለም። ያለበለዚያ ወደ ንግግር ሐኪም የሚልክሽን ወረቀት ከዚሁ ከሕፃናት ሐኪሙ ያዢ። የሄድሽበት ባለሙያ የት እንደሠለጠነና የሙያ ፈቃዱን ጠይቂ። እናትን በር ላይ አስቁሞ ልጁን ብቻ የሚያስገባ ባለሙያ አይመቸኝም። አንቺ ካላየሽ ቤት ምን ይዘሽ ትመለሻለሽ? «ሦስት ግብ ስጠኝ፣ ሠርተህ አሳየኝ፣ እኔ ስሠራ እየኝና አርመኝ» በዪው። ቀሪውን በስልክና በቴሌግራም ቪዲዮ መከታተል ይቻል እንደሆነም ጠይቂ።

የጊዜውን ነገር በሒሳብ እንየው። የእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ወደ 12 ሰዓት ነቅቶ ይውላል። በሳምንት 84 ሰዓት ነው። ባለሙያ ጋ አዘውትሮ ቢሄድ እንኳ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪው 83 ሰዓት የአንቺ፣ የአባቱና የአማትሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድገታቸው ለዘገየ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና እንኳ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው ያለው፣ የሚሰጡትም ልዩ ሐኪሞች መሆን የለባቸውም። አገራችንም ውስጥ ተሞክሯል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ነገር ጥያቄ ማቆም ነው። «ይሄ ምንድን ነው? እስቲ በል! ለእንግዳው ስምህን ንገር!» ልጅን ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ፈተና ሲበዛበት ይሸሻል። በጥያቄው ፈንታ እሱ የሚያየውን ነገር አንቺ ስም ስጪው። መሬት ላይ ቁጭ በዪ፣ ፊትሽ ከፊቱ ጋር እኩል ይሁን። ኳሱን ካየ «ኳስ» በዪ። ከመታው «መታ!» በዪ። እሱ «ውሃ» ካለ አንቺ «ውሃ ስጪኝ» ብለሽ አንድ ቃል ጨምረሽ መልሺለት። እንዲደግም አታስገድጂው። «ኳት» ቢል «ኳት አይባልም» አትበዪ፤ «አዎ፣ ኳስ!» ብለሽ ትክክለኛውን አሰሚው።

ሁለተኛው መጠበቅ ነው፤ ከባዱም ይሄ ነው። አማትሽ የልጁን ዓይን አይተው ውሃውን ያቀርባሉ፣ ሳይጠይቅ። ፍቅር ነው። ግን ልጁ ለመናገር ምክንያት አጣ። ሁለት ነገር ያዢና አሳዪው፤ «ሙዝ? ዳቦ?» ከዚያ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ዓይኑን ይጣል፣ ይጠቁም፣ ድምፅ ያውጣ፣ ማንኛውም ሙከራ ይቆጠራል። ወዲያው ስጪው። እስኪያለቅስ መከልከል ግን ሕክምና አይደለም፣ ጭካኔ ነው።

የእኛ ቤት ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስለኛል። ቡናውን እዪ። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይፈላል። ልጅ ቃል የሚይዘው እንዲህ ከሚደጋገም ነገር ነው። ቡናው ሲታጠብ «እጠቢ፣ እጠቢ»፣ ሲቆላ «ሸተተ!»፣ ሲወቀጥ «ዱም፣ ዱም»፣ ጀበናው ሲገነፍል «ፈላ!»። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ሁለት ሳምንት ከተለመደ በኋላ አማትሽ «ቡናው...» ብለው ይቁሙና ይዩት። «ፈላ» ሊል ይችላል። ረከቦቱ ላይ ባዶ ሲኒ ደርዳሪ አድርጊው። ከሰሉና ጀበናው ግን እጁ ከማይደርስበት ይሁን፤ ቃጠሎ ቃል አያስተምርም።

ስልኩ ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት፣ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፣ ይህን ሰው ይቀላቅለዋል። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ስልክ መልስ አይጠብቅም። ልጁ ቢናገርም ባይናገርም ቪዲዮው ይቀጥላል። በአንድ ቀን ነጥቀሽ ቤቱን አታናውጪ። ከምግብ ሰዓት ጀምሪ፣ ከዚያ ከመኝታ በፊት ያለውን አንሺ።

ኬጂ ይግባ ለሚሉሽ፣ ከልጆች ጋር መዋሉ ይጠቅማል። ግን 40 ልጅ ባለበት ክፍል ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚውል ከሆነ ከአያቱ ጋር ቢውል እመርጣለሁ። ጥቂት ልጅ ያለበት፣ መምህሯ ስሙን የምትይዝለት ቦታ ካገኘሽ ግማሽ ቀን በቂ ነው።

ፀበልም ዱዓም ለሚያምን ሰው የልብ ብርታት ነው፤ እኔ የምለው የለኝም። ቀጠሮ የሚያስቀር፣ ልጁን የሚያስርብ ወይም በቅዝቃዜ የሚያሳምም ግን አይሁን። ቲክቶክ ላይ «አፍ የሚፈታ» ሽሮፕና ቫይታሚን የሚሸጡትን ግን ዝለያቸው። ልጅን የሚያናግር ሽሮፕ እስከዛሬ አልተሠራም።

መስማቱ እውነትም የቀነሰ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አትሰበሪ። ፈሳሽ ከሆነ ይታከማል። የማይመለስ ከሆነ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ በቶሎ በተደረገለት መጠን ይጠቅመዋል። የምልክት ቋንቋ ብታስተምሪውም ንግግሩን አይዘጋበትም። «እጁን ከለመደ አፉን ይተዋል» የሚባለው ውሸት ነው።

እንግዲህ የምልሽ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ሪፈር አጽፊና ጆሮውን አሳዪ፤ 3 ዓመት እስኪሞላው አትጠብቂ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በቀን 30 ደቂቃ፣ በ10 በ10 ደቂቃ ተከፋፍሎ፣ ከላይ ያልኩትን ሥሩ። ዛሬ ያሉትን ቃላትና ምልክቶች ቀን ጽፈሽ መዝግቢ። አዲስ አበባ ያለውን ቀጠሮ አሁኑኑ በስልክ ያዢ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ የጆሮው ውጤት ይወጣል። ከ3 ወር በኋላ ዝርዝሩን አወዳድሪ። በእጥፍ ከጨመረ መንገዱ ትክክል ነው። ካልተነቃነቀ፣ ጆሮው ደህና ቢባልም የሕፃናት ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰሽ ሙሉ ምርመራ ጠይቂ። የነበረው ቃል ከጠፋ፣ ወይም ዓይኑ እየፈዘዘ ለአፍታ የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ 3 ወር አትቁጠሪ፣ ያኔውኑ ውሰጂው።

ደሴ ስትሄዱ አማትሽንም ይዘሽ ሂጂ። ቀኑን የሚውለው ከእሳቸው ጋር ነው፤ የሚሠሩትም እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ምላሱንና እንጥሉን እሳቸው ፊት አይቶ፣ ለእሳቸው ይንገራቸው።